በማቀዝቀዣ ቆሼ ደርሶ መልስ

ነፋስን እንደ ጅብ የሚፈራ ሕዝብ መኪናው ላይ ማቀዝቀዣ ማስጠገኑ ምን ይጠቅመዋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። እኔ ግን አስጠግኛለሁ። ማስጠገን ብቻም አይደለም፤ በጠጋኙ አነጋገር "አሳድጌዋለሁ"። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። መፍረድ እንደሆነ በእኛ አገር የማይችል የለም።

ከቡታጅራ ወደ ማረቆዋ ቆሼ ከተማ በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ የምታውቁ ከሆነ ብዙ አልደክምም። ጥር ነው፤ ፀሐይ አናት ትበሳለች፤ ሰው በሰው ላይ ተነባብሯል፤ የአንዱ ዶሮ በሌላው ጭን ላይ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። አንድ ደፋር መስኮቱን ጣት ታህል ገፋ ያደርገዋል። "ኧረ ዝጋው! ልታስመታን ነው?" ይላል የመኪናው ሕዝብ በአንድ ድምፅ። መቺው ማን ነው? ነፋስ። ሙቀት እኛን ገድሎን አያውቅም፤ እስከ ዛሬ የሞትነው በሙሉ በነፋስ ነው። ባለቤቴ ባረፈ ጊዜ ሐኪሙ "ልብ ነው" ብሎ ቢናገርም፣ ለቅሶ ከተቀመጡት ግማሾቹ "መስኮት ከፍቶ ይነዳ ነበርኮ" እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። የቀሩት ደግሞ እንባዬን ሲለኩ ከረሙ። ሳለቅስ "አበዛችው"፤ ዝም ስል "ምን ደረቅ ናት!" በመጨረሻ ማልቀሱን ተውኩት። ዋጋ ለማያውቅ ገበያ ዕቃ አይወጣም።

መኪናዋ የባለቤቴ ነበረች። ክሬም ቀለም ያላት፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ ከእኔ በፊት ያገባት የጀርመን መኪና። ከመሪው በስተቀኝ አንዲት ሰማያዊ ቁልፍ አለቻት። እንግዳ ባሳፈረ ቁጥር ያቺን ቁልፍ ይጫንና "ማቀዝቀዣ አላት" ይላል። ምንም አይመጣም። እንግዳውም ጥቂት ይጠብቅና "አሃ፣ አሁን ተሰማኝ" ይላል። ይሉኝታ የማያቀዘቅዘው ነገር የለም። እንዲህ እያለ፣ በሕይወቷ ነፍሳ የማታውቅ መኪና ከቡታጅራ እስከ ጉንችሬ በቅዝቃዜዋ ስሟ ወጣ።

ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ኳስ ሜዳው ላይ፣ ተጫዋቾቹ እየተሳደቡ። የሾፌሩ ወንበር የጀርባውን ቅርጽ እንደያዘ ነው። ሲነዳ ትንሽ ወደ በሩ ጋደል ይል ስለነበር እኔም ስቀመጥ ያጋድለኛል። ልብሱን ለዘመድ አከፋፍለው ወስደውታል። እሱ አሁንም ተቀምጦበት የሚገኝ ቦታ ያቺ ወንበር ብቻ ነበረች።

እሷን ነበር ሊሸጡብኝ የተነሡት።

የተነሣው ጋሽ ደምሴ ነው፤ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም። ሙት ዓመቱ ወጥቶ የድንኳኑ ገመድ ሳይፈታ "ቡኢ ከተማ ገዥ አግኝቻለሁ" አለ። ገዥው ከወገቧ ቆርጦ ክፍት የጎመን መጫኛ ሊያደርጋት ነው።

"ሴት ልጅ መኪና ምን ያደርግላታል?" አለ ለተሰበሰቡት ሽማግሌዎች፣ እኔ አጠገቡ የሌለሁ ይመስል። "ደግሞስ መበለት መሪ ይዛ ስትዞር ከተማው ምን ይላል?"

"ምን ይላል ጋሼ?" አልኩት።

"ይላላ!"

ጋሽ ደምሴ ማስረጃ ሲያልቅበት "ይላላ" ይላል። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ማስረጃ ኖሮት አይቼው አላውቅም።

የመጨረሻው ቃል ግን የእማማ ዘነቡ ነበር፤ የእሱም የባለቤቴም እናት፣ የኔ አማት። መኪናዋ ስትገዛ በሬዎቻቸውን ሸጠው ስላዋጡ ያለ እሳቸው ፈቃድ ማንም አይነካትም። እማማ ዘነቡ በየዓመቱ ጥር ላይ ቆሼ ወርደው የማረቆ በርበሬ በእጃቸው መርጠው ካልገዙ ዓመቱ ዓመት አይሆንላቸውም። ባለፈው ጥር ሚኒባስ ውስጥ ሙቀቱ ጥሏቸው ውሃ ተረጭቶባቸው ነው የነቁት። እንደነቁ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል "መስኮቱን ማን ከፈተው?" የሚል ነበር።

"ልጄ ይቺ መኪና ታቀዘቅዛለች ሲል ኖሮ ነው የሞተው" አሉ ሽማግሌዎቹን ዞር ዞር ብለው እያዩ። "እንግዲህ ለበርበሬዬ ቆሼ ታድርሰኝና ትመልሰኝ። ካቀዘቀዘች ከሚስቱ ጋር ትቅር። ካላቀዘቀዘች ደምሴ ይሽጣት።"

ሽማግሌዎቹ ጥሩ ፍርድ ነው አሉ።

"ነፋስ ግን እንዳይኖራት" ብለው ጨመሩ እማማ።

ሽማግሌዎቹ ይኸንንም ጥሩ ፍርድ ነው አሉ።

ሙኒር ዘንድ ሄድኩ። ሙኒርን በቡታጅራ የማያውቀው የለም፤ ሁሉም "ኢንጂነር" ይለዋል፤ ምን እንደተማረ የሚያውቅ ግን አላገኘሁም። የቡና ቤቶቹን የቢራ ፍሪጅ ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነው። ቡታጅራ መጥታችሁ ለብ ያለ ቢራ ከጠጣችሁ ፍሪጁ በቅርብ ተጠግኗል ማለት ነው።

"እትዬ፣ መኪና ማለት እኮ ጎማ ያለው ፍሪጅ ነው" አለኝ ኮፈኑን እየከፈተ። "ወላሂ፣ ልዩነት የለውም።"

"ፍሪጅ ሞተር የለውማ።"

"አለው እንጂ! ያ ሌሊቱን ሙሉ የሚያጓራው ታዲያ ምኑ ነው?"

በእኛ ከተማ የመኪና ኮፈን ከተከፈተ በአካባቢው ያለ ወንድ ሁሉ መካኒክ ነው። ልብስ ሰፊው መጣ፤ የሒሳብ አስተማሪው መጣ፤ ካርታ ሲጫወቱ የነበሩት ካርታቸውን እንደያዙ መጡ። ሁሉም አንገታቸውን ሞተሩ ውስጥ ከትተው "ምምም" አሉ። "ምምም" ማለት ምንም አላውቅም ነው፤ ሴት ስትሰማ ግን ችግሩ ከባድ ነው ማለት ይሆናል። ልብስ ሰፊው "ደም ሥሯ ተዘግቷል" አለ። አስተማሪው በረዶ በጆንያ ይቀመጥላት አለ። ከሁሉም የሚሻለው ሐሳብ ይኸኛው እንደነበረ ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

መጀመሪያ ጋዙ አልቋል ተባለ። የድሮው ጋዝ ደግሞ የለም፤ ተከልክሏል።

"ለምን ተከለከለ?"

"ሰማይ ይበሳል እትዬ።"

ጋሽ ደምሴ፣ ሥራው እንዳይሳካ በየቀኑ ሊጠብቅ የሚመጣው፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ሆኖ "ይብሳው! ዝናብ ይወርድልን ይሆናል" አለ።

ሰማይ የማይበሳው አዲሱ ጋዝ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጣ። ተሞላ። እስከ ማግስቱ አልቆየም፤ ወጥቶ ሄደ። ለአዲሱ ጋዝ የድሮው ጎማ ቱቦ አይሆነውም ለካ። ሙኒር የሚያፈሰውን ቦታ ለማግኘት መኪናዋን በሳሙና አረፋ ለቀለቃት፤ አረፋ የማይነፋ ቦታ ጠፋ። አላፊ አግዳሚው ለሠርግ የምትታጠብ መስሎት "እንኳን ደስ ያለሽ" ብሎኛል።

ቱቦው ሁሉ ተቀየረ። አሁን ደግሞ መጭመቂያው፣ እነሱ ኮምፕረሰር የሚሉት፣ ደርቆ አልዞር አለ። ሙኒር ወልቂጤ አካባቢ ከተገለበጠ የቱሪስት አውቶቡስ የተፈታ አንድ ትልቅ ኮምፕረሰር ፈልጎ አመጣ። የአንድ አውቶቡስ ሙሉ ፈረንጅ ሲያቀዘቅዝ የነበረ ነው። የሚያስቀምጥበት ቢያጣ የአልጋ ብረት በያጅ አስቆርጦ ማሰሪያ ሠራለት።

"አይበዛም?" አልኩት።

"እትዬ፣ ይኼ ማሳደግ ነው የሚባለው። ቅዝቃዜ በዝቶ ያውቃል?"

ማሳደግ እንዲህ ነው፤ ለአንዱ ልጅ ጫማ የገዛ ለሁሉም ሳይገዛ አያድርም። ኮምፕረሰሩ ሲያድግ ሞተሩ አቃሰተ፤ ሰማያዊዋን ቁልፍ ስጫን መኪናዋ ጭነት እንደበዛበት አህያ ቀጥ አለች። ሙኒር ለሞተሩ ጉልበት ጨመረለት፤ ራዲያተሩ ፈላ። ራዲያተሩ ላይ ተጨማሪ ማራገቢያ ገጠመ፤ መብራቷ እንደ ኩራዝ ደበዘዘ። ለመብራቱ ዲናሞው ተቀየረ። ዲናሞው ሲቀየር የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰ። አንድ ቀን ላይ ቆም ብዬ ሳስብ ከባለቤቴ መኪና የቀሩኝ አራቱ በሮችና ያቺ ወንበር ነበሩ።

"አማትዎ የት ነው የሚቀመጡት?" አለኝ ሙኒር በመጨረሻ።

"ከኋላ። ጋሽ ደምሴ በሕይወቱ ጋቢና ለሰው ለቆ አያውቅም።"

"በቃ፣ እስከ ኋላ ድረስ ቱቦ እዘረጋለሁ። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ሚኒስትሮቹም የላቸው!"

በወንበሮቹ መሐል ወፍራም ቱቦ አሳልፎ አፉን ከኋላ ወንበር ፊት አቆመው። ከዚያም ሞተሩን አስነሥቼ ቁልፏን ተጫንኩ። እውነቱን ልናገር፤ ነፋች። አነፋፏ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ በጥር ፀሐይ የእጄ ፀጉር ቆመ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሙኒርን "ግባና እየው" ብለው ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሻርፕ ጠምጥሞ፣ ከበሩ ውጭ ቆመ።

"እኔ አልገባም እትዬ። ብርድ ቶሎ ነው የሚመታኝ።"

በማግስቱ ማለዳ ተነሣን። እማማ ዘነቡ ጋቢያቸውን ደርበው ከኋላ፤ ጋሽ ደምሴ ኮቱን ለብሶ ጋቢና፤ እኔ መሪ ላይ። ቡታጅራን ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሙቀቱ ተቀበለን። ቁልፏን ተጫንኩ። ከፊት ለፊት ያለው የነፋስ አፍ ጋሽ ደምሴን ደረቱ ላይ አገኘው። ትከሻው ዘለለ።

"ተሰማህ ጋሼ?"

"ምኑ?"

"ቅዝቃዜው ነዋ።"

"ምንም የለም" አለ። ኮቱን ግን ቆለፈ።

ጥቂት እንደሄድን ጣቶቼ መሪው ላይ ደነዘዙ። ጋሽ ደምሴ ቀስ ብሎ፣ እኔ የማላየው መስሎት፣ የነፋሱን አፍ ወደ እኔ ሊያዞረው ሞከረ። አይዞርም፤ ሙኒር በሽቦ አሥሮታል። በእጁ መዳፍ ሸፈነው። እጁ ሲደነዝዝ በሌላው ለወጠው። አንገትጌውን አቆመ። ከንፈሩ አመድ መሰለ።

"ልጄ፣ የት አለ ቅዝቃዜው?" አሉ እማማ ከኋላ። በመስታወቱ ሳያቸው ላብ በግንባራቸው ይወርዳል፤ ጋቢው ተለጥፎባቸዋል።

ግራ ገባኝ። "አልደረሰዎትም እማማ? ከፊት ለፊትዎ ካለው ቱቦ አይመጣም?"

"ምንም አይመጣም።"

"ብዬ ነበር እኮ እማ!" አለ ጋሽ ደምሴ። "ባዶ ወሬ ነው። እ-እ-እኔም ጋ ምንም የለም።"

"እማማ፣ እስቲ እጅዎን በመሐላችን ወደ ፊት ይዘርጉት፣ ይሰማዎታል።"

"እጄን ነፋስ ይምታው?"

"ታዲያ እዚህ ጋቢና ይቀመጡ፤ ጋሼ ይውረድልዎት።"

"እናቴን ከፊት?" አለ ጋሽ ደምሴ፣ ጥርሱን ነክሶ። "አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚሞተው ጋቢና ያለው ነው። እኔ ልሙት!"

ለእናቱ ሊሞት የተዘጋጀ ወንድ ልጅ አማትን ምን ያህል እንደሚያስደስት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እማማ መረቁት። እኔም "እየቀዘቀዘ ነው፣ እምላለሁ" ብል "ምራት ለራሷ ጉዳይ ምስክር ሆና ታውቃለች?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሆና አታውቅም።

ቆሼ ደረስን። ጋሽ ደምሴ ከመኪናው ሲወርድ ፀሐይዋን አቀፋት ማለት ይቻላል። እማማ በርበሬያቸውን አንድ በአንድ እያነሡ፣ ወደ ፀሐይ እያዩ፣ ነጋዴዋን እያስለቀሱ መረጡ። ከተገዛው አንዱ ጆንያ ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ገባ፤ ሁለተኛው ስለማይበቃ እማማ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠ። መመለሻ ላይ፣ መቼም ሰው በአንድ ነገር መሞቱ አይቀርምና፣ ቁልፏን ደግሜ ተጫንኩ።

ይኼ ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር በመኪናው ውስጥ ያለውን አየር ስቦ መልሶ እንደሚነፋ አላውቅም ነበር። ሙኒርም አልነገረኝ። የአውቶቡሱ ኮምፕረሰር የማረቆን በርበሬ ብናኝ ከጆንያው እየሳበ፣ አቀዝቅዞ፣ ፊታችን ላይ ይረጨው ጀመር። ጋሽ ደምሴ አነጠሰ። እኔ አነጠስኩ። እሱ ሲያነጥስ ጭንቅላቱ ጣሪያውን ይመታል። እማማ አፍንጫቸውን በጋቢ ሸፍነው፣ የሁለታችንን ማንጠስ ጥቂት ካዳመጡ በኋላ "በርበሬውስ ደህና ነው" አሉ።

ከዚያ ዓይኔ ፈሰሰ። መንገዱን ለማየት እጠርጋለሁ፣ ይፈሳል። ወንበሩ ወደ በሩ አጋድሎኛል። መንገዱ ዳር የምናቆምበት አንድ ግራር አለ፤ ባለቤቴ ሁልጊዜ ራዲያተሩን ያበርድበት የነበረ። ግራሩን ሳልፍ የሚፈሰው የበርበሬው መሆኑ ቀርቶ ነበር። ማንም አልለየውም። ከሞተ ጀምሮ ማንም ሳይለካኝ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው፣ ከማረቆ በርበሬ ጀርባ ተደብቄ። ቡታጅራ እስክንገባ አልተውኩትም።

እማማ ቤታቸው ደጃፍ ሲወርዱ ቀሚሳቸው ውሃ ውስጥ የገባ ይመስል ነበር። መኪናዋን አዩዋት፣ እኔን አላዩኝም።

"አላቀዘቀዘችም" አሉ ቀስ ብለው። "ልጄ ለካ ሲዋሸኝ ነው የኖረው።"

ሽያጩ አይደለም ያመመኝ፤ ይቺ ቃል ናት።

"የቡኢው ሰውዬ ነገ ይምጣ" አለ ጋሽ ደምሴ፣ እያነጠሰ።

በቀጥታ ሙኒር ዘንድ ነዳሁ። እየጮህኩ ነበር የገባሁት። እሱ ግን ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ።

"ከኋላ አልነፋም አይደል? ማሻአላህ!"

"ምን ማለትህ ነው?"

ወደ ቱቦው ጎንበስ ብሎ እጁን ከተተና ጭብጥ የሚያህል ስፖንጅ መዞ አወጣ። ሞተሩን አላጠፋሁም ነበርና ቱቦው ከኋላ ወንበር ላይ ይነፋ ጀመር።

"ትልቅ ሰው አይደሉም እንዴ? ነፋስ መቷቸው በኔ እጅ ይሙቱ? እርስዎ ቢረሱትም እኔ አልረሳም እትዬ። ደህና አድርጌ ነው የወተፍኩት።"

ምን ይባላል? ክፉ ሰው ቢሆን ይሰደባል። ስፖንጁን ይዤ እማማ ዘንድ ተመለስኩ። "ስፖንጅ ማንም ይዞ ይመጣል" አሉኝ። ሌላ ቀን እንሞክር ብል "በርበሬዬን ገዝቼ! እስከ ከርሞ ቆሼ ምን አለኝ?" አሉ።

በማግስቱ ገዥው ከቡኢ መጣ፤ ጋሽ ደምሴ ግን አልመጣም። ታሟል ተባለ። እማማን አሳፍሬ፣ ገዥው በባጃጅ ተከትሎን፣ ቤቱ ሄድን። ጋሽ ደምሴ ሁለት ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ሥር ተኝቷል። ይንቀጠቀጣል፤ አንገቱ ወደ ግራ አልዞርም ብሏል። ጎረቤቶቹ አልጋውን ከበው ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሾቹ ፀሐይ የሚያመጣው ምች ነው ይላሉ፤ ግማሾቹ ብርድ።

እማማ በአንድ እጃቸው ለምች ዳማ ከሴ፣ በሌላው ለብርድ ነጭ ሽንኩርት ይዘው ከራስጌው ቆሙ።

"የቱ ነው የመታህ?" አሉት።

ጋሽ ደምሴ እኔን አየኝ። "ምች... ምች ነው እማ። የቆሼ ፀሐይ።"

እማማ ሽንኩርቱን አስቀምጠው ዳማ ከሴውን በመዳፋቸው ጽዋ ላይ ያሹት ጀመር።

"ምች ከሆነስ ጥሩ" አሉ አንዲት ጎረቤት። "ብርድ ከሆነ ግን ዳማ ከሴ ወደ ውስጥ ያስገባበታል።"

"ከገባ አይወጣም" አሉ ሌላዋ።

"እዚያ ማዶ የነበረው ሰውዬ እንዲሁ ነው የሆነው። ቅጠሉን ጠጥቶ ማታውን አላየም።"

ጋሽ ደምሴ በጽዋው ውስጥ የሚንጠባጠበውን አረንጓዴ ውሃ ተመለከተ። እማማ ጽዋውን ወደ አፉ አስጠጉ።

"ቆይ እማ።"

"ጠጣ እንጂ።"

"ቆይ! ብርድ ነው።"

"ብርድ? በጥር ፀሐይ፣ ቆሼ ውለህ፣ ብርድ ከየት አገኘህ?"

"ከመኪናዋ" አለ ከጋቢው ሥር።

"አልሰማሁም።"

"ከመኪናዋ! ደርሶ መልስ ደረቴ ላይ ስትነፋብኝ ዋለች! አጥንቴ ድረስ ነው የገባው፣ ሽንኩርቱን ስጪኝ!"

"ብርድ ነው" ሲሉ የነበሩት ጎረቤቶች አሸናፊነታቸውን እንዴት እንደሚይዙት ጠፋባቸው። እማማ ዘነቡ ዳማ ከሴውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

"ይቺ ሽንኩርት አትበቃውም፤ በደንብ ነው የመታችው" አሉ። "ገበያ ሄደሽ አምጪልኝ። በመኪናሽ ሂጂ።"

ወጣሁ። የቡኢው ገዥ ሜትሩን ዘርግቶ ከየት እንደሚቆርጣት የመኪናዋን ወገብ እየለካ ነበር። ወንበሬ ላይ ገብቼ ሞተሩን አስነሣሁ።

"ዞር በል ወንድሜ፣" አልኩት፣ "ነጭ ሽንኩርት ልገዛ ነው።"